«ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው»

ሰው እውነት እየተናገረ ሊዋሽ ይችላል ወይ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲሰሙት የቃላት ጨዋታ ይመስላል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የመሰለን እንደዚያው ነበር። በፍልስፍና መግቢያ ትምህርት ላይ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጽፈውት ሲያልፉ እኛም በደብተራችን ገለበጥነው፤ ለፈተና ይመጣ እንደሆነ ብለን ከሥሩ አሰመርንበት፤ ከዚያ ረሳነው። ጥያቄው ሥጋ ለብሶ የመጣብን ከመማሪያ አዳራሽ ሳይሆን ከጋራዥ ነው፤ ያውም ከአንዲት አሮጌ መኪና ኮፈን ሥር። በሥነ ጽሑፍ መድረክ ላይ የመኪና ወሬ ይዘን መቅረባችን የሚያስገርመው አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠን። ወሬው የመኪና ይምሰል እንጂ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች አንዲት የቤት መኪና አለቻቸው። የቤታቸው ጣራ ቆርቆሮ ዝጎ እንደ ወንፊት ስለተበሳ፣ ክረምት ሳይገባ ለማስለወጥ ሲሉ መኪናዋን ለመሸጥ ቆረጡ። እሳቸውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «እናንተ ወጣቶች ናችሁ፤ ጋራዥ ወስዳችሁ አስፈትሹልኝ፤ ገዢም ሲመጣ አሳዩልኝ» ብለው ቁልፉን ለኛ ሰጡን። ገዢ ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። በሰው በሰው የሰማ አንድ የድሬዳዋ ሰው ስልክ ደወለና ቅዳሜ እመጣለሁ አለን። ስለ ጎማው ጠየቀ፤ ስለ ሞተሩ ጠየቀ፤ በመጨረሻም፣ «ኤሲዋስ? እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልስባት ናት። የኛን አገር ሙቀት ታውቃለህ አይደል?» አለ።

እውነቱን ለመናገር አናውቀውም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ሞቀኝ የሚል ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይገላገላል። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደዚያ የሚወርደውም መንገድ በአዋሽ ቆላ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የአዲስ አበባ መኪና ኤሲዋ ታሞ ባለቤቱ ሳያውቅ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ስልኩን እንደዘጋን የኤሲዋን ቁልፍ ተጫንናት። ለብ ያለ፣ ቀዝቃዛ ለመሆን የሚጥር አየር መጣ። ነገር ግን ከኮፈኑ ሥር፣ ወፍጮ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስል፣ ቀቀቀቀ የሚል ድምፅ ተነሣ። መልሰን አጠፋናት፤ ጸጥ። እንደገና ተጫንናት፤ ቀቀቀቀ።

መካኒኩ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ኤሲው ይጮኻል» ስንላቸው መፍቻ አላነሡም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እስቲ ዝም በሉና እንስማው» አሉን። ሞተሩን አስነሥተን ኤሲውን ሳንከፍት ቆየን። ዝም አለ። ከፈትነው፤ ጮኸ። «አንድ ነገር አወቅን» አሉ። እኛ ያወቅነው ነገር ስላልነበረ አስረዱን። ኮምፕሬሰሩ ጉልበት የሚያገኘው ከሞተሩ በቺንጋ ነው። ቺንጋው የሚያዞረው ፑሊ ኤሲው ቢከፈትም ባይከፈትም፣ ሞተሩ እስከተነሣ ድረስ በኩሽኔታው ላይ ሲሽከረከር ይውላል። ቁልፉ ሲነካ ኤሌክትሪክ ወደ ማግኔቱ ይሄዳል፤ ማግኔቱም ከፊት ያለውን ሳህን ስቦ ከፑሊው ጋር ያጣብቀዋል። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ መዞር የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ጩኸቱ ኤሲው ተዘግቶም የሚሰማ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኩሽኔታው ነበር። ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ወይ ከማግኔቱ አካባቢ ነው፣ ወይ ከኮምፕሬሰሩ ሆድ ዕቃ።

«ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል ማለት ነዋ!» ብሎ ከመካከላችን አንዱ ቸኮለ። «እኔ እንደሱ አላልኩም» አሉ ሰውየው። ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች አንድ ባንድ ፈተሹ። የላላ ብሎን የሞተ ኮምፕሬሰር ይመስላልና፣ ስንት ሰው በአንድ ብሎን ምክንያት ደኅና ኮምፕሬሰር ጥሏል አሉን። ብሎኖቹ ጥብቅ ነበሩ። በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን የመለኪያ ቅጠል ለኩ፤ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ መራቅ የለበትም፤ አልራቀም። ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን አወለቁና ፑሊውን በጣታቸው አዞሩት፤ ሳይንገጫገጭ ዞረ። ሳህኑን ይዘው የኮምፕሬሰሩን ዘንግ ሲያዞሩት ግን አንድ ቦታ ላይ እንደ መያዝ እያለ እንደገና ይለቃል። ቺንጋውን መልሰው፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ኮምፕሬሰሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን አዳመጡን። ቀቀቀቀው በብረቱ ውስጥ አልፎ ጆሮአችን ውስጥ ሲገባ፣ ሰው የታመመ ሰው ደረት ላይ ጆሮውን የጣለ ያህል ነበር የተሰማን።

በልባችን የቀረው ግን የጌጁ ነገር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የጋዙን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ ሲያስሩበት መርፌው ደኅና ቦታ ላይ ቆመ። «እንግዲያው ጋዙ ሙሉ ነው» አልን። ሳቁብን። በዚህ ዓይነት መኪና ውስጥ ያለው አር-134ኤ የሚባለው ጋዝ በባሕር ወለል የአየር ግፊት 26 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች የሚፈላ ነገር ነው። በዝግ ቱቦ ውስጥ ትንሽም ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ በቆመ መኪና ላይ ግፊቱን የሚወስነው የዕለቱ ሙቀት እንጂ የጋዙ ብዛት አይደለም። ሁለት መቶ ግራምም ይኑር ስድስት መቶ፣ መርፌው ያው ነው። መርፌው አልዋሸም፤ የተናገረው እውነት ነው፤ የመለሰው ግን እኛ ያልጠየቅነውን ጥያቄ ነው። ጋዙ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁሉንም በመሣሪያ ስቦ አውጥቶ መመዘን አለበት።

ጋዙን ፈትቶ ወደ ሰማይ መልቀቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ማን ያያል? ሰውየው ግን ከጎረቤት ጋራዥ የመሳቢያ መሣሪያ ተውሰው አመጡ። አር-134ኤ የኦዞንን ሽፋን በሚጎዳው በአሮጌው አር-12 እግር የተተካ ጋዝ ነው፤ እሱን ያስቀረው በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ተተኪው ኦዞኑን ባይነካም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያህል ሙቀት አማቂ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ስንነግራቸው ሰውየው፣ «ቁጥሩን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ የማውቀው አየሩ የሰው መሆኑን ነው» አሉ። ሲመዘን 230 ግራም ወጣ። ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት መሠረት 600 ግራም መሆን ነበረበት።

«ይኸው! ጋዝ ነው የጎደለው» አልን በደስታ። «ጎድሏል፤ ግን ጋዝ አይበላም፤ አይጠጣም። የት ሄደ?» ብለው የኮምፕሬሰሩን አፍንጫ በባትሪ አበሩበት። ዘንጉ በሚወጣበት ቦታ ዙሪያ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ጭቃ ሠርቷል። ጋዙ በቱቦዎቹ ውስጥ ሲዞር የኮምፕሬሰሩን ዘይት ተሸክሞ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ጋዝ በሚያፈስስበት ቦታ ዘይት ይወጣል፤ ዘይት ያለበት ደግሞ አቧራ ይይዛል። «ይቺ መኪና ከዚህ በፊት ጋዝ ተሞልታ ታውቃለች?» ሲሉን ለአጎታችን ደወልን። ባለፉት ዓመታት ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቦታ አስሞልተዋል። ወደ ቆላ በወረዱ ቁጥር አልቀዘቅዝ ትላቸዋለች፤ ያስመረምራሉ፤ የሚነገራቸውም ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበልልን። ሦስቱም ጊዜ የተነገራቸው እውነት ነበር። ጋዙ በእርግጥ ጎድሏል፤ ሲሞላም በእርግጥ ቀዝቅዟል። ነገር ግን ለምን እንደጎደለ የጠየቀ አልነበረም። በየጊዜው የሚወጣው ጋዝ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ሲሞላ የሚገባው ጋዝ እንጂ የጎደለውን ያህል ዘይት አይደለም። የቀረውንም ዘይት ዞሮ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመልሰው ጋዙ ስለሆነ፣ ጋዝ ሲያንስ ዘይቱ በሩቅ ቱቦዎች ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ብረት ከብረት ጋር ያለ ዘይት ይፋተጋል። ቀቀቀቀው የዚያ ፍትጊያ ድምፅ ነው። ያቺን ኮምፕሬሰር የገደላት ውሸት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ የተነገረ እውነት ነው።

ፈተናችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጋራዡ ያለው ወጣት ረዳት ጭንቀታችንን አይቶ ቀረብ አለንና፣ «ምን አስጨነቃችሁ? የማግኔቱን ሽቦ ንቀሉት። ኮምፕሬሰሩ አይዞርም፤ አይጮኽም። ለምን አይቀዘቅዝም ካለ ‹ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው› በሉት። ደሞ ውሸትም አይደል፤ እናንተው መዝናችሁታል!» አለን። ሽማግሌው ሰሙ። ግን አልተቆጡም። «እኔ ያየሁትን ነገርኳችሁ። የምትናገሩት የናንተ ነው» ብለው ወደ ሌላ መኪና ሄዱ። የዚያን ቀን ቢቆጡን ኖሮ እንዴት በቀለለን!

ማታ በዶርማችን ክርክሩ ተጀመረ። እራት ሳንበላ ካፌው ተዘጋብን። ባለአጎቱ ጓደኛችን፣ «እናንተ የምታወሩት ስለ ሐሳብ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ጣራ ነው። ዝናቡ አጎቴ አልጋ ላይ ሲወርድ ማነው ባልዲ የሚያስቀምጠው? ደግሞ የምንለው ቃል በቃል እውነት ነው» አለ። ሌላው ስለ ሕግ አነሣ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል አለ። «ከድሬዳዋ ድረስ ስለ ኮምፕሬሰር ሊከሰን ይመጣል?» የሚል መልስ ተሰጠውና ዝም አለ። ሕጉ ተሸንፎ ሳይሆን፣ ክርክሩ ከፍርሃት ጋር እንዳልሆነ ሁላችንም ስለገባን ነው።

ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነ ሦስተኛው አስታወሰን። ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ዓመተ ዓለም፣ አቴና ትምህርት ላይ ለነበረው ልጁ ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሃብ ወደገባባት ወደ ሮድስ ደሴት ይመጣል። ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን አለመናገርና መደበቅ አንድ አይደሉም ባይ ነው። ደቀ መዝሙሩ አንቲፓጥሮስ ግን የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ማኅበር ስለሆነ ገዢው የሚጠቀምበትን ነገር ሻጩ ሊሰውርበት አይገባም ይላል። ቀጥሎም ጉድለቱን እያወቀ ቤቱን ስለሚሸጥ ሰው ይከራከራሉ። ሲሴሮ ራሱ ያደላው ወደ አንቲፓጥሮስ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ለአንድ ተማሪ የተጻፈ ነገር የኛን ዶርም በር አንኳኳ ማለት ነው።

ባለአጎቱም መልስ አላጣም። «ካንትስ?» አለ። ውሸትን ለማንም፣ በምንም ምክንያት አልፈቅድም ያለው ካንት በ1794 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያ ንጉሥ ስለ ሃይማኖት እንዳያስተምር ባስጨነቀው ጊዜ፣ የግርማዊነታቸው ታማኝ ተገዢ እንደመሆኑ መጠን ስለዚህ ጉዳይ እንደማይናገር ቃል ገባ። ንጉሡ በ1797 ሲሞቱ ቃሉ በሳቸው ዕድሜ የተወሰነ ነበር ብሎ መጻፉን ቀጠለ። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም ያንን ሐረግ ሆን ብሎ መርጦ እንዳስገባው ገለጸ። «ካንት በሐረግ ካመለጠ እኛ በጋዝ ብናመልጥ ምን አለበት?»

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ አንክድም። ብዙ ካሰብንበት በኋላ የደረስንበት ግን ይህ ነው። ንጉሡ ጉልበት ይዞ የመጣ፣ የማያገባውንም የሚጠይቅ ነበር። የድሬዳዋው ሰው ንጉሥ አይደለም። ገንዘቡን ይዞ የሚመጣ፣ እናቱን የሚያስታምም፣ ሊጠይቅ የሚገባውን የጠየቀ ሰው ነው። ዲዮጋንም ቢሆን የሚከራከረው ስለ ዝምታ ነው። እኛ ያሰብነው ዝም ልንል አልነበረም፤ ልንናገር ነበር። ሽቦ ነቅለን፣ ድምፁን አፍነን፣ ከዚያ በተመጠነ እውነት ሰውየውን ወደ ስሕተት ልንመራው ነበር።

ግማሽ እውነት ከደረቅ ውሸት የሚከፋበት አንድ ቦታ ያለ ይመስለናል። ሰውየው «ጋዝ ብቻ» ብለነው አምኖን ቢሄድ ምን ያደርጋል? ጋዝ ያስሞላል። የተነቀለውንም ሽቦ አንዱ አይቶ ይመልስለታል። እየሞተች ያለችው ኮምፕሬሰር ሙሉ ጋዝ ይዛ መዞር ስትጀምር የፈጨችውን ብረት በየቱቦው ትረጨዋለች። የብረቱ ብናኝ ኮንዴንሰሩ ውስጥ ይገባል፤ ኤክስፓንሽን ቫልቩን ይደፍናል። አንድ ዕቃ በመለወጥ ይድን የነበረው አራት ዕቃ ይጠይቃል። ውሸታም ኪስህን ይወስዳል እንጂ እጅህን አይወስድም። በግማሽ እውነት የተታለለ ሰው ግን ጉዳቱን የሚሠራው በገዛ እጁ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ እያመሰገነን ነው። ኋላ ቢጠይቀንም «ጋዝ እንደሚያስፈልገው ነግረንህ ነበር እኮ» እንለዋለን።

እኛ የሰምና ወርቅ አገር ልጆች ነን። አንድ ቃል ሁለት ነገር መሸከም እንደሚችል ማንም አያስተምረንም። ነገር ግን ልዩነቱን እንይ። ባለቅኔ ሰሙን የሚያቀርበው አድማጩ ወርቁን እንዲያገኝ ብሎ ነው፤ ወርቁ ሲገኝ ደስታው የሁለቱም ነው። እኛ ያዘጋጀነው ሰም ግን አድማጩ ሰሙ ላይ እንዲቀር ነው። ወርቁ ቢገኝብን እናፍራለን። የነገሩ መለያ ይህ ይመስለናል፤ ሰሚው ሙሉውን ቢያውቅ ማፈር ካለብን፣ ቃላችን እውነት መሆኑ አያድነንም።

ሽማግሌው መካኒክ ቀኑን ሙሉ ያደረጉት ምን እንደነበረ የገባንም ያን ጊዜ ነው። እሳቸው ያገኙት እውነት ላይ ሁሉ አልቆሙም። ጩኸቱ ኤሲው ሲከፈት ነው፤ እውነት ነው፤ አልበቃም። መርፌው ደኅና ቦታ ላይ ነው፤ እውነት ነው፤ አልበቃም። ጋዙ ጎድሏል፤ እውነት ነው፤ የት ሄደ? ሕመም መመርመር ማለት መጀመሪያ የተገኘ እውነት ላይ አለማረፍ ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ በሚጠቅመው ቦታ ላይ የቆመ ምርመራ ነው። አጎታችንን ሦስት ጊዜ «ጋዝ ብቻ» ያሏቸው ሰዎች ምናልባት ክፉዎች አልነበሩም። እዚያ ላይ ማቆም የሚያዋጣ ሆኖ ስላገኙት አቆሙ። እኛም ለመጻፊያ የሚሆነንን ጥቅስ ከመጽሐፍ ስናገኝ ቀጣዩን ገጽ የማንገልጠው፣ በስብሰባ ላይ ለወገናችን የሚስማማውን ግማሽ ተናግረን የምንቀመጠው ለዚሁ አይደለምን? ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት የአሮጌ መኪና ገበያ ደኅና መኪና ያለው ሰው ቀስ በቀስ ከገበያው እንደሚወጣ አሳይቷል። ማንም ማንንም ስለማያምን ደኅናው መኪና ደኅና ዋጋ አያገኝማ! ከመኪና ገበያ ውጭም ይህ እንዳይደርስ ምን ዋስትና አለን?

እስከዚህ ድረስ ተስማምተን፣ እንግዲህ ለገዢው ሁሉን እንነግረዋለን ብለን ልንተኛ ስንል ባለአጎቱ ጓደኛችን ከአልጋው ቀና ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። «በማን ገንዘብ?» አለ። እንቅልፋችንን የነሣን ይህ ነው። እውነቱን የምንናገረው እኛ፤ ጣራው የሚያፈስሰው የሳቸው። በሰው ኪስ ቅን መሆን ቀላል ነገር ነው። ከድህነት ጋር የሚታገል ሰው ሲያታልል ጣት የሚቀስር ተማሪ መሆን ደግሞ ከዚያም ይቀልላል። ስለዚህ ለገዢው ከመናገራችን በፊት መጠየቅ ያለባቸው ባለቤቷ እንደሆኑ ተስማማን። በማግስቱ ሄድን። መካኒኩ ያሉትንም፣ ረዳቱ ያለውንም፣ እኛ ያሰብነውንም ሳንቀንስ ነገርናቸው።

አጎታችን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆርቆሮውን አዩት። ከዚያ፣ «ሦስት ጊዜ ከፍዬ አስሞልቻለሁ። ሦስቱንም አመስግኜ ነው የወጣሁት» አሉ። እንደገና ዝም አሉ። «ማስተማር ላይ ሳለሁ፣ ግማሹን ጥያቄ መልሶ ግማሹን የዘለለ ልጅ ‹የጻፍኩት ሁሉ ልክ ነው እኮ ቲቸር› እያለ ይከራከረኝ ነበር። ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ማርክ ነው እለዋለሁ። አሁን እኔ ሙሉ ማርክ ልጠይቅ? ንገሩት።»

የድሬዳዋው ሰው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የድሬ ሰው እንደመሆኑ ታላቅ ታናሽ ሳይል ሁሉንም «አንተ» እያለ አዋራን። ነገሩን ስንነግረው መጀመሪያ ሌላ ተንኮል የደበቅን መስሎት ተጠራጠረ፤ ለካ እውነትም ያስጠረጥራል! ጋራዥ ወስደን ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ አስደግፈን አሰማነው። ከዚያ ከዋጋው ላይ ቀነሰ። ብዙ ቀነሰ። ጥገናውም እሱ እያየ እንዲሠራ ተስማምተን ወጪው ለሁለት ተከፈለ።

ኮምፕሬሰሯ ስትወርድ ዘይቷ በነጭ ሳህን ላይ ተገለበጠ። መሆን ከነበረበት በጣም ያነሰ፣ የጠቆረ፣ በውስጡም እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ብናኝ ያለበት ነበር። ቱቦዎቹ ታጠቡ። የብናኙን አብዛኛውን ይዞ ያቆየው ድራየሩ ነበርና ተጣለ፤ በአዲስ ተተካ። ኤክስፓንሽን ቫልቩም እንዲሁ። ኮንዴንሰሩ ሲታይ ገና አልተበከለም ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጋዝ ተሞልታ ብትሄድ ኖሮ እሱም ይከተል እንደነበር መካኒኩ ነገሩት። ያገለገለች ግን ደኅና የሆነች ኮምፕሬሰር ተገጠመች፤ ዘይቷ ተለክቶ ገባ፤ የየመጋጠሚያው ጎሚኒ ተለወጠ። ከዚያም አየሩና እርጥበቱ እንዲወጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ በቫኪዩም ተሳበ፤ ፓምፑ ከጠፋም በኋላ መርፌው ንቅንቅ ሳይል መቆሙ ታየ። በመጨረሻ 600 ግራም ጋዝ በሚዛን ተሞላ። ቁልፏ ስትነካ ቀጭ የሚል የማግኔት ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሰውየው እጁን ከአየር ማስወጫው ፊት አድርጎ ትንሽ ቆየና፣ «እናቴ ብርድ ነው ብላ ትጮኽብኛለች» አለ።

በተገኘው ገንዘብ የተለወጠው የጣራው ግማሽ ብቻ ነው። አጎታችን አልጋቸውን ወደ አዲሱ ቆርቆሮ ሥር አዛውረዋል። በሌላው ክፍል ዘንድሮም ክረምት ሲገባ ባልዲ መቀመጡ አይቀርም፤ ባልዲውን ለማፍሰስ ተራ ገብተናል። ባለአጎቱ ጓደኛችን ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አብሮን ቢሠራም ሙሉ በሙሉ አልተረታም። «ልክ ያደረግን ይመስለኛል፤ ነገር ግን ዋጋውን የከፈልነው እኛ ብንሆን ኖሮ ይበልጥ እርግጠኛ እሆን ነበር» ይላል። እኛም ይህን ሳንጽፍ ብንቀር ግማሹን ብቻ መናገር ስለሚሆንብን እንዳለ አስገብተነዋል። የሚቃወመን፣ የሚጨምርልን ወይም እንደኛው «ጋዝ ብቻ» ተብሎ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን።